ሰው የማይቆጥር ጀልባ

የሞተሩ ድምፅ እየቀረበ ሳይሆን እየራቀ ነበር። ልጅቷ ይህን ስታስተውል የልጁን ስልክ እንደያዘች ጆሮዋን ወደ ሐይቁ አቀናች። ልጁ ግን አሁንም ቋጥኙ ላይ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ አገጩን ሽቅብ ሰቅሎ ቆሟል። አጠገቡ ያስቀመጣት ትንሽ ስፒከር ከመጠኗ በላይ ትጮኻለች።

«ፀጉሬ በደንብ ይታያል?» አላት።

«እስቲ ያን ነገር ዝጋው። ጀልባው ነው እንዴ?»

«ገና አንዴ ነው የነፋው። የሚኬደው ሁለተኛው ሲነፋ ነው። አንቺ ዝም ብለሽ ቅረጪ።»

ሁለተኛው ጡሩንባ ከተነፋ ቆይቷል። የተነፋው የስፒከሯ ዘፈን በሚጮኽበት ሰዓት ስለነበር ከሁለቱም ጆሮ አልደረሰም። ስፒከሯ ስትዘጋ የቀረው የራቀው ሞተር ድምፅ ብቻ ነበር። ተያይዘው ቋጥኙን እየዞሩ ሮጡ። ወደ ዳርቻው ሲደርሱ ጀልባው ነጭ አረፋ ከኋላው እየጎተተ ወደ ከተማው ያቀናል።

ልጅቷ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ተጣራች። ልጁም ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ሊያፏጭ ሞከረ፤ የወጣው ግን ምራቅ ብቻ ነው። አንድም ሰው ዞር አላለም። ጀልባው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ወደ ሐይቁ ገብቶ ከተማውን ከሚከልለው ሾጣጣ መሬት ጀርባ ገባ።

ለመሆኑ አንድ ጀልባ ሁለት ሰው ጥሎ እንዴት ይሄዳል? ነገሩ እንዲህ ነው። የጀልባው ሞተር ዕድሜ የጠገበ ስለሆነ መንገዱ አጋማሽ ላይ ይግላል። ስለዚህ ባለጀልባው ሁልጊዜ ከሐይቁ መሐል ባለችው በዚህች ራቁት ደሴት ይቆምና ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ተሳፋሪዎቹ እግራቸውን ያፍታታሉ። ድሮ ከመነሳቱ በፊት ሰው ይቆጥር ነበር። ግን ሰው አንድ ቦታ አይረጋም፤ ሕፃናት ወንበር ሥር ይገባሉ፣ ጎልማሶች ወሬ ይዘው ቦታ ይለዋወጣሉ፣ በቆጠረ ቁጥር ሌላ ቁጥር ይመጣበታል። በመጨረሻ ተሰላችቶ መንሳፈፊያ ጃኬቶቹን መቁጠር ጀመረ። ጃኬቶቹ ብርቱካናማ ስለሆኑ ከሩቅ ይታያሉ። ሕጉም ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ጃኬት ይለብሳል፣ ከተማ እስኪደርስም አያወልቅም። «ሰው ይቅበጠበጣል፤ ጃኬት ግን እንደታዘዘ ይቀመጣል» ይላል ባለጀልባው፣ ብልሃቱን ላደነቀለት ሁሉ።

ልጅቷ ጃኬቷን ያወለቀችው ጀልባው ደሴቷን ገና እንደነካ ነው። ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ እናቷ ንጋት ላይ የተኮሰችላትን ነጭ ሸሚዝ ደግሞ ሊያጨማድድባት ነው። መቀመጫዋ ላይ አስደግፋ አቁማ ወረደች። ልጁም «ዋናተኛ ጃኬት አይለብስም» ብሎ አውልቆ ከጎኗ አስቀመጠ። ይህን ያለው ማንም ሳይጠይቀው ሲሆን፣ ጃኬቱን የጠላው ሰማያዊ ቲሸርቱን ስለሸፈነበት ነው። ደረቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «የዋና ክለብ» ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ ሁለት ጃኬቶች ተደላድለው ተቀምጠው፣ በሥርዓት ተቆጥረው፣ ከተማ ሄዱ። ባለቤቶቻቸው ቀሩ።

«ይመጣል፤» አለ ልጁ። «ሲያጣን ተመልሶ ይመጣል።»

«መቼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሲያጣን ነዋ።»

ልጅቷ የከተማውን አቅጣጫ ትኩር ብላ አየች። ከሾጣጣው መሬት በላይ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ቀይ ጣሪያ ይታያል። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ እዚያ ጣሪያ ሥር የመግቢያ ፈተና አለባት። ፈተናው በዓመት አንዴ ነው፤ በሩ ከተዘጋ ለማንም አይከፈትም። ከትምህርት ቤቷ የተመረጠችው እሷ ብቻ ናት። ጣሪያው ቁልጭ ብሎ እየታየ መድረስ ያለመቻሏ አንጀቷን አቃጠላት።

«ስልክህን አምጣው። ሰው ጋ እንደውል።»

«አንቺ እጅ ላይ አይደል?»

አየችው። ጥቁር ሆኗል። ጎኑን ተጫነችው፣ አራገፈችው፣ በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችው። ሞቷል።

«አራት ጊዜ ነው እኮ ያስቀረጽከኝ፤» አለች። «አንዱ አይበቃም ነበር?»

«በመጀመሪያው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። በሁለተኛው ጣትሽ ገብቷል። አንቺም እኮ የቀረጻ ችሎታሽ...»

«እኔ ለስምንት ሰዓቱ ፈተና ጥናቴን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። አንተ ነህ መጥተህ ‹አንዴ ብቻ፣ በናትሽ› ያልከኝ።»

«አየሁሽ፤ ቋጥኝ ሥር ተቀምጠሽ ብቻሽን ስታወሪ። ያመማት ልጅ ናት ብዬ አዝኜ ነው የመጣሁት።» ቀና ብሎ አያት። «ፕሮፌሰር መሆንሽን መች አወቅኩ።»

«ሻምፒዮን መሆንህንም እኔ አላወቅኩም፤ ደረትህ ላይ ባይጻፍ።»

ከዚያ በኋላ ስማቸው ይኸው ሆኖ ቀረ።

ደሴቷን ዞረው ለመጨረስ ብዙ አልፈጀባቸውም። ቋጥኝ፣ ሸንበቆ፣ አንድ የጎበጠ ዛፍ፤ በቃ። ቤት የለም፣ መንገድ የለም፣ ክብሪት እንኳ የላቸውም። ከዛፉ ሥር ቁጭ ብለው ፀጉራቸውን ንፋስ ሲመታው ድንገት ከሩቅ አንዲት የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ብቅ አለች። ሁለቱም ተወርውረው ተነሱ። ልጅቷ ደብተሯን አውለበለበች። ልጁ እንደ ፌንጣ እየዘለለ ሁለት እጁን አወናጨፈ።

ዓሣ አጥማጆቹ አዩዋቸው። አንደኛው ተነሥቶ ቆመ፤ ኮፍያውንም አውልቆ በደስታ መልሶ አውለበለበላቸው። ሌላው ደግሞ ሁለት እጁን አነሣ። ከዚያም ሰላምታቸውን ጨርሰው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«ጨዋ ሰዎች ናቸው፤» አለ ልጁ፣ እጁ ገና አየር ላይ እያለ።

ልጅቷ ልትቆጣው ዞረች፤ ግን ሳቅ አመለጣት። አልፈለገችውም። በዚህ ሰዓት መሳቅ ኃጢአት መስሎ ተሰማት፤ ቢሆንም ሆዷን ይዛ እስክትጎነበስ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። ሲስቅ ጆሮዎቹ እንደሚቀሉ ያን ጊዜ አየች፤ ለምን እንዳየች ግን አልገባትም።

ሳቁ ሲያልቅ መልሰው ቁጭ አሉ። ልጅቷ ከቦርሳዋ እናቷ የቋጠረችላትን ዳቦ አወጣች። ለሁለት ቁረሰው ብላ ሰጠችው። ልጁ ቆርሶ ትልቁን ወደ እሷ ገፋ፤ ስታየው ግን ወደ ውኃው ዞሮ እንዳላወቀ ሆነ። እንዲህ ያለ ጉረኛ ትንሹን ቁራሽ ይወስዳል ብላ አልጠበቀችም።

«ፈተናውን ብታልፊ ምን ትሆኛለሽ?» አላት እያኘከ።

«ትምህርት ቤቱ ውስጥ ላብራቶሪ አለ። እውነተኛ ላብራቶሪ። እኛ ጋ በሥዕል ነው የምንማረው።» ዳቦዋን ሳትነክሰው ቆየች። «እናቴ እኮ እንቢ ብላ ነበር። ውኃ ትፈራለች። ልብስ ስትሰፋ እንኳ መስኮቱን ወደ ሐይቁ አትከፍትም። ‹እኔ ምንም አልፈራም፣ ልጅ አይደለሁም› እያልኩ ስንት ጊዜ ለመንኳት። የፈቀደችልኝ እሱን አምና ነው። አንድ ነገር ብሰማ ከእንግዲህ ከቤት አትወጪም አለችኝ።»

«በእውነት ግን አትፈሪም?»

«ምኑን ነው የምፈራው?» አለች ኮስተር ብላ።

ልጁ ቁራሹን ማኘኩን ቀጠለ። እሷ ግን ያኔ ነው ዓይኗ ሾጣጣው መሬት ላይ ያረፈው። ከከተማው ይቀርባል። ጫፉ ላይ የዓሣ አጥማጆች ጎጆዎች አሉ፤ ከአንዱም ጭስ ይወጣል። ሰው አለ ማለት ነው። መሐላቸው ያለው ውኃ ብቻ ነው።

«ሻምፒዮን።»

«አቤት ፕሮፌሰር።»

«እዚያ ድረስ ብትዋኝ ብዙ ይቆያል?»

ልጁ ማኘኩን አቆመ። «የት ድረስ?»

«እዚያ ጭሱ ጋ። አንዷን ጀልባ ይዘህ ብትመጣ እኮ እደርሳለሁ። እስከ ስምንት ገና ጊዜ አለ።»

«አሁን በልቻለሁ። ሆድ ሞልቶ አይዋኝም፤ ቁርጠት ይይዛል።»

«ቁራሽ ዳቦ ነው የበላኸው።»

«ንፋሱንስ አላየሽም? ሞገድ አለው። አሠልጣኛችን ሞገድ ሲኖር...» እግሩን ዘርግቶ ጣቶቹን ለመንካት ጎነበሰ። «መጀመሪያ ደግሞ ሰውነት መፍታታት አለበት።»

አፍታታ። ክንዱን አሽከረከረ፣ አንገቱን አዞረ፣ ቁጭ ብድግ አለ። ዓለም ላይ ከዚህ ይበልጥ የተፍታታ ሰው የለም። ልጅቷ ታየዋለች፣ ፀሐዩን ታያለች፣ ቀዩን ጣሪያ ታያለች።

«እሺ ንገረኝ፤» አለች በመጨረሻ። «ልብስህ ላይ የተጻፈው ለጌጥ ነው?»

ከአፏ ሲወጣ ክፉ መሆኑን አውቃዋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አልተመለሰም። ልጁ ኩም አለ። ጆሮዎቹ ቀሉ፤ አሁን ግን እየሳቀ አልነበረም።

«መዋኘቱ ምን ችግር አለው፤» አለ። ጫማውን አወለቀ። ቲሸርቱንም አውልቆ በካናቴራ ቀረ። ከዚያ የማይጠበቅ ነገር አደረገ፤ ቲሸርቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እጀታውን በእጀታው ላይ፣ ጠርዙን በጠርዙ ላይ እያሳካ አጠፈው። የልብስ ሰፊ ልጅ እንኳ እንደዚያ አታጥፍም።

«ያዢልኝ። ወንድሜ ወደቡ አጠገብ ያለው ጋራዥ ነው የሚሠራው። ለእሱ ስጪው። ሳላስፈቅደው ነው የወሰድኩት፤ አላቆሸሸውም በይው።»

«አንተው ስትደርስ አትሰጠውም?»

«እኔማ እሰጠዋለሁ። ምናልባት... ብዘገይ ብዬ ነው።»

ይህን ብሎ ወደ ውኃው ገባ።

ልጅቷ ቲሸርቱን እንደታቀፈች ቆመች። ሰማያዊው ልብስ የወንድሙ ነው። ክለቡም የወንድሙ ነው። ዋናውም የወንድሙ ነው። ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ልጁ ውኃው ጉልበቱ ሲደርስ ቆመ፤ ቀጠለ። ወገቡ ሲደርስ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቀለ። ከዚያ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አፍንጫውን ያዘ።

እውነቱን ለመናገር ልጅቷ ወዲያው አልጠራችውም። ምናልባት ይችል ይሆናል አለች በልቧ። ምናልባት ትንሽ ይችላል። ቀዩ ጣሪያ እዚያ ነው፤ ላብራቶሪው እዚያ ነው፤ ስምንት ሰዓት ገና ነው። ውኃው ደረቱ ደረሰ። ልጁ አንድ እርምጃ ሲጨምር መሬቱ ከዳውና አገጩ ተነከረ፤ እየተንገዳገደ ተመልሶ ቆመ። ከኋላው ሆና ስታየው የማጅራቱ ቅጥነት ብቻ አንጀቷን በላት።

«አትችልም፣ ተመለስ» ብትለው እንደማይመለስ ታውቃለች። እልህ ይዞታል፤ እልህ የያዘው ሰው ደግሞ ከነሕይወቱ ይገባል እንጂ ውሸታም ተብሎ አይወጣም። እልሁን ያስያዘችው ራሷ ናት። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ለእናቷ እንኳ ተናግራ አታውቅም።

«አትሂድ፤» አለች።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?» ዞር አላለም።

«ፈራሁ።»

ልጁ ዞረ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። «ምኑን?»

«ብቻዬን መሆኑን። እዚህ ጥለኸኝ ከሄድክ በፍርሃት እሞታለሁ። በናትህ ተመለስ።»

ልጁ ማዶውን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያም እንደተከፋ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እኔ እኮ ልሄድ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ደርሼም እመለስ ነበር። አንቺ ስለፈራሽ ነው እንጂ።»

«አዎ። ስለፈራሁ ነው።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» እያለ ወጣ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ስለነበር ንግግሩ እየተቆራረጠ ነው የመጣው። አጠገቧ ተቀመጠ፤ ውኃው ከሱሪው ወርዶ አሸዋው ላይ ተንጣለለ። ልጅቷ ያለችው ውሸት መስሏት ነበር። ሲቀመጥ ግን ቲሸርቱን ሙጭጭ አድርጋ መያዟን አየች። ለካ ጠዋት እናቷ እጇን ከለቀቀችበት ጊዜ ጀምሮ ፈርታ ነበር። ውኃውን ፈርታለች፣ ፈተናውን ፈርታለች፣ አሁን ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ያን አፍንጫውን የያዘ ልጅ ፈርታለት ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የከተማው ፋብሪካ ሳይረን ነፋ። ድምፁ በውኃው ላይ እየተንሸራተተ ጥርት ብሎ ደረሰ።

«እሱ ነው?» አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

«እሱ ነው።»

አለቀሰች። አፍንጫዋ እየፈሰሰ አለቀሰች። ልጁ እጁን አንሥቶ ትከሻዋ ላይ ሊያሳርፍ አለና መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። በመጨረሻ ያን ሰማያዊ ቲሸርት ከእቅፏ ስቦ እጥፋቱን ፈታና ዘረጋላት።

«በይ ተናፈጪበት። ይቆጣኝ።»

ባለጀልባው ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ መጣ። ጀልባው ውስጥ አንዲት ነጋዴ ሴትዮ ነበሩ፤ አልወረድም ብለው አብረው የተመለሱ። ገና ሳይቀርቡ ይናገራሉ።

«እኔ ባልኖር እዚህ ታድሩ ነበር፤» አሉ። «ከተማ ስንደርስ ልወርድ ብዬ ‹ጠጋ በል የኔ ልጅ› አልኩት። ዝም። ሁለተኛ አልኩት። ዝም። ምን ዓይነት ባለጌ ነው ብዬ ልቆጣው ብዞር ጃኬት ነው ለካ። ጃኬት ስለማመጥ ቆይቼ። ይሄ ሞተር ደግሞ እስኪቀዘቅዝ ይኸው መሸ።»

«እኔ ቆጥሬያለሁ፤» አለ ባለጀልባው፤ ሐፍረቱን በቁጣ ሊሸፍን ፊቱን አጨማደደ። «ቁጥሩ ሙሉ ነበር። እንዴት ሰው ጃኬቱን ያወልቃል? ሕግ የወጣው ለማን ነው?»

ጃኬታቸውን አልብሶ አስቀመጣቸው። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት እንደሄዱ ግን ዓይኑ ልጁ ጭን ላይ የተቀመጠው ቲሸርት ላይ አረፈ።

«አንተ ዋናተኛ አይደለህ እንዴ? ይኸው ልብስህ ላይ ተጽፏል። ይቺን ምላስ የምታህል ውኃ ተሻግረህ እነዚያን ዓሣ አጥማጆች ብትጠራ ልጅቷ ለፈተናዋ ትደርስ አልነበር?»

ልጁ አንገቱን ደፋ።

«ሊሄድ ነበር፤» አለች ልጅቷ። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ብቻዬን መሆን ፈርቼ።»

ሴትዮዋ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እንዲህ የምትፈሪ ልጅ ብቻሽን ምን አስወጣሽ?»

«እናትሽን አውቃቸዋለሁ፤» አለ ባለጀልባው። አሁን ድምፁ ለስልሷል፤ ጥፋቱን የሚጋራው ሰው አግኝቷል። «ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ይቺ ልጅ ገና ናት፣ ከእንግዲህ ብቻዋን አይላኳት እላቸዋለሁ። ለዓመቱም ቢሆን ሰው ካላጀባት አላሳፍራትም።»

ልጅቷ የጃኬቷን ማሰሪያ ጨበጠች። ለዓመቱ የሚያጅባት ሰው የለም፤ እናቷ ውኃ አትሻገርም። ቀዩ ጣሪያ እየቀረበ፣ እየተለቀ መጣ። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር።

ልጁ ጎኗ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። አንድ ነገር አለ፤ ሞተሩ ዋጠው።

«ምን አልክ?» አለ ባለጀልባው ጆሮውን አዘንብሎ።

ልጅቷ ግን ሰምታዋለች። «ምንም አላለም» የሚለው መልስ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ልጁን አየችው። ከንፈሩ ውኃው ውስጥ እንደነበረው ሰማያዊ ነው፤ ዓይኑ ግን ወደ እሷ አልዞረም፤ ባለጀልባው ላይ ነው።

መልሷን ዋጠች። እንዲነሣ ጉልበቷን ሰብስባ ጠጋ አለችለት። ልጁም የወንበሩን ጠርዝ ይዞ፣ እየተንገዳገደ ተነሥቶ፣ ሴትዮዋም ጭምር እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

«ዋና አልችልም አልኩ።»